የመንገደኞች ስንቅ



አሥር ያህል ሰዎች ከነልጆቻቸው ተሰባስበው ዓሣ ለማጥመድ ከምጽዋ ወደ ዳህላክ ደሴቶች በጀልባ ተሻገሩ እንበል። ደሴቶቹ ከመቶ በላይ ናቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ጥቂት ናቸው። ዳህላክ ከቢር እስልምና ቀድሞ የገባባት፣ በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጹ ጥንታዊ የመቃብር ድንጋዮች የሚገኙባት ምድር ናት። የጥንት ነዋሪዎቿ ዓለት እየፈለፈሉ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የሠሩት ወደው አልነበረም። በዚያ አገር የሚቸግረው ዓሣ ሳይሆን የሚጠጣ ውሃ ነው። ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ድንኳን የሚተክል ቡድን ደግሞ ያለው ውሃ በጀሪካን የጫነው ብቻ ነው።

እንግዲህ ማዕበል ተነስቶ ጀልባዋ በቀጠሮው ቀን መመለስ ቢያቅታት ውሃው የማን ነው? አራት ጀሪካን ያመጣና አንድ ያመጣ እኩል ይጠጣሉን?

ኢማም አል-ቡኻሪ በሐዲስ ስብስባቸው ውስጥ ስለ ሽርክና የሚያወሳውን ክፍል የጀመሩት በዚሁ ጉዳይ ነው። መንገደኞች ስንቃቸውን ደባልቀው የሚበሉበት ልማድ በዐረብኛ «ነህድ» ይባላል። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ቢበላ ሙስሊሞች ነውር አላዩበትም። ተምር በተምር ሲሸጥ መጠኑ ካልተስተካከለ አራጣ ነው፤ በመንገደኞች ማዕድ ላይ ግን ሚዛን የሚያወጣ የለም። ይሁንና በዚያው ክፍል ውስጥ ባልደረቦቹን ሳያስፈቅድ ተምሩን ሁለት ሁለት እያደረገ የሚጎርስ ሰው ተከልክሏል።

እጥረት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። 300 ሰዎችን መርተው ወደ ባሕር ዳርቻ የዘመቱት አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ስንቅ ሲመናመን የሁሉንም ተምር አሰባስበው በየቀኑ በጥቂቱ ያድሉ ጀመር፤ በመጨረሻ ለሰው የሚደርሰው አንዲት ፍሬ ሆነ። ባሕሩ ያን ግዙፍ ዓሣ የጣለላቸው ከዚያ በኋላ ነው። (ሞቶ ስለተገኘ መብላቱን አቡ ዑበይዳ ራሳቸው ተጠራጥረው ነበር። ዘማቾቹ ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሥጋው አስመጥተው በሉ።) አሽዐሪዮችም ስንቅ ሲያጥራቸው ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ አፍስሰው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉ ስለነበር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አወድሰዋቸዋል።

ስለዚህ አራት ጀሪካን ያመጣው ሰው፣ ውሃው ከተደባለቀ በኋላ የኔ ድርሻ እያለ ሊቆጥር አይገባውም። ግን ይህን ከመሳፈሩ በፊት ሊያውቀው ይገባል። ጥጋቡ አብቅቶ መስፈሪያው የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስን ሰውም ያስፈልጋል። ሦስት ሆነው ለጉዞ የሚወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ታዘዋል። ለሽርሽር አሚር መሾም አንዳንዶቻችንን ያስቀን ይሆናል፤ በጥማት ሰዓት ግን የሚታዘዙት ሰው ማጣት አያስቅም።

ለልጁ ብሎ አንድ ጠርሙስ ውሃ በሻንጣው የደበቀ አባትስ? ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ልጅ ቶሎ ይጎዳል፤ አባትም በልጁ ተጠያቂ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ግን ጥፋቱ ያለው በመደበቁ ላይ ነው። «ልጄ አይችልም፣ ይህ ለእሱ ይቆይ» ብሎ በግልጽ ቢናገር እምቢ የሚል ሙስሊም ይገኛል ብዬ አላምንም። ያን ጊዜ ጠርሙሱ በሁሉም ፈቃድ የልጁ ይሆናል። ደብቆት ከተገኘ ደግሞ ሌላውም አባት የራሱን መደበቅ ይጀምራል፤ መስፈሪያውን የሚያምንም አይኖርም።

ለዉዱእ ብሎ ከጀሪካኑ የሚቀዳም አለ። አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቀው ይህንኑ ነበር፦ በባሕር ስንጓዝ ጥቂት ውሃ እንይዛለን፣ ዉዱእ ካደረግንበት ይጠማናል፣ በባሕሩ ውሃ እናድርግን? የባሕር ውሃ አጥሪ መሆኑን ነገሩት። ስለዚህ ሰጋጁ ወደ ዳርቻው ይውረድ፤ የጀሪካኑ ውሃ የባልደረቦቹ ጉሮሮ ነው።

ጀልባ ነጂውስ? እሱ በኪራይ የመጣ ነው፣ ስንቅ አላዋጣም፣ አሚር ሲመረጥም አልተጠየቀም። መስፈሪያው ሲዞር አንዳንዱ ሊዘለው ይፈልግ ይሆናል። ለእሱም እንደ ማንኛችሁም ይሰፈርለት።