«አልሰማሁም» ማለት ንጹሕ ያደርጋልን?

የለንደኑ ዋይት ሲቲ የድምፅ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ማዕከል ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የኖረው በዚሁ ሰፈር ነው። በአጠገቡ የሚያልፈው የሴንትራል መስመር ባቡር ወደ መሀል ከተማ ሲያቀና ምድር ውስጥ ይገባል፤ ዛሬ በአንዳንድ የከተማዋ የባቡር ዋሻዎች ውስጥ ስልክ ይሠራል። ተሳፋሪው ሞገዱ አፈሩን ሰንጥቆ የደረሰው ይመስለው ይሆናል። እውነቱ ግን ሞገዱን የሚያደርሰው በዋሻው ውስጥ የተዘረጋ ገመድና አንቴና ነው። ዋሻው ቢናድ ገመዱም ይበጠሳል። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ችግርም ይኸው ነው፤ ድምፅ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት መስመሩ ቀድሞ ይሞታል። የስልክ ሞገድ በሰከንድ በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ ስለሚርገበገብ እርጥብ አለት ወዲያው ይውጠዋል። በሰከንድ ሺህ ጊዜ ያህል ብቻ የሚርገበገብ ሞገድ ግን መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ አለት ዘልቆ ሊያልፍ ይችላል፤ ችግሩ ሰፊ የሽቦ ቀለበት መፈለጉና የሚሸከመው ቃል ማነሱ ነው።

ድምፅን ማድረስ ከባድ ቢሆንም የሚቻል ከሆነ፣ እንግዲህ ጥያቄው የሞራል ይሆናል፤ ያልሰማነው ጩኸት ዕዳ ይሆንብናልን? እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2006 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሳጎ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ ደርሶ፣ መውጣት ካልቻሉት 13 ሠራተኞች አንዱ ብቻ ተረፈ። የታፈኑት የጣሪያውን ብረት በመዶሻ ደበደቡ፤ ከላይ የመለሰላቸው አልነበረም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ኩባንያዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ከአደጋ በኋላም የሚሠራ ገመድ አልባ መገናኛና ሠራተኛው ያለበትን ቦታ ማወቂያ እንዲያቅዱ አስገደደ። ይህ ሁለተኛው ግዴታ የቃየልን ታሪክ ያስታውሰኛል። የአቤል ደም ከምድር ጮኾ ነበር፤ ቃየል የተጠየቀው ግን ጩኸቱን ሰምቶ እንደሆነ ሳይሆን ወንድሙ ያለበትን ነው። ሰውን ወደ ጉድጓድ ያስገባ፣ ወይም ባወጣው ከሰል የሚሞቅ፣ ያለበትን የማወቅ ግዴታ አብሮት ይገባል። አለመስማት ምርጫ ከሆነ ንጽሕና አይሆንም።

ለመገናኛው የሚወጣው ገንዘብ ለአየር ማናፈሻና ለጋዝ መቆጣጠሪያ ቢውል ይሻላል የሚሉ አሉ። መከላከል ይቀድማል፤ ክርክሩ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ይቻላል ከሚል የተነሣ ነው፣ ይህንንም ብዙ ጊዜ የሚለው ሁለቱንም ያልገዛው ነው። ሌላው መከራከሪያ ሃይማኖታዊ ነው፤ ዮናስን ከዓሣ ሆድ የሰማ አምላክ ሽቦ አያሻውም ይላል። እርግጥ ነው፣ ግን ሽቦው ለአምላክ ጆሮ የታሰበ አይደለም። የአምላክ መስማት የጎረቤትን ደንቆሮነት አያጸድቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ፣ ሰምቶ ማዳን ካልተቻለ መስማት ስቃይ ብቻ ነው የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ገደማ በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ሃያ ያህል ኦፓል ቆፋሪዎች ዋሻ ተደርምሶባቸው ታፈኑ፤ የት እንደገቡ ይታወቅ ነበር፣ አለቱ ግን አልተበገረም። እንዲህ ባለ ቦታ ድምፅ ምን ይፈይዳል? ሳጎ ላይ ቤተሰቦች 12ቱ ተርፈዋል ተብለው ለሦስት ሰዓት ያህል ተደስተው ነበር፤ እውነቱን መስማት፣ መራራም ቢሆን፣ ከዚያ ይሻል ነበር። ከሳጎ ቆፋሪዎችም አንዳንዶቹ ለቤተሰባቸው ማስታወሻ ጽፈው ተገኙ። አለትን የሚሻገረው ሞገድ ጥቂት ቃል ብቻ ቢሸከምም ለኑዛዜ ይበቃል፤ ስለ ዕዳ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ይቅርታ።