የጣሉትን ካርታ ማሳየት

ፖከር ተጫዋች ካርታውን ጥሎ ከዙሩ ሲወጣ ምን ይዞ እንደነበር የማሳየት ግዴታ የለበትም። ግን ስንቱ ያስችለዋል! «እዩ፣ ሁለት ኪንግ ይዤ ነው የተውኩት» ይላል። ምን ፈልጎ ነው? መሸነፉን ትተን አስተዋይነቱን እንድናይለት ነዋ።

ሌሎች ገና እየተጫወቱ ከሆነ ግን ነገሩ ከጉራ ያልፋል። ከአራቱ ኪንግ ሁለቱ ከወጡ፣ «ኪንግ አለኝ» በሚል አኳኋን ሊያስፈራራ ያሰበው ሰውዬ ይነቃበታል። ገንዘቡን ያስያዘው እሱ፣ ምስጢሩን ያወጣው ሌላ። ለጎረቤት ብቻ ገለጥ አድርጎ ማሳየትማ ለይቶለት አድልዎ ነው፤ ብዙ ቦታ «ለአንዱ ያሳየ ለሁሉም ያሳይ» የሚባለውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ፣ በዓለም የፖከር ውድድር ፍጻሜ፣ ክሪስ መኒሜከር ባዶ እጁን ያለውን ሁሉ አስያዘ። ሳሚ ፋርሃ ብዙ አሰላስሎ ጥንድ ዘጠኙን ጣለ። የቴሌቪዥን ተመልካች የሁለቱንም ካርታ አይቷል፤ ፋርሃ ሲወስን የሚያየው የራሱን ብቻ ነበር። መኒሜከር በመጨረሻ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

የቀሩት ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ፣ ፋርሃ ካርታውን ቢገልጥ የሚጎዳ ሦስተኛ ሰው የለም። በምን ያህል ካርታ እንደሚሸሽ ለባላንጣው በነጻ ማስተማሩ ነው እንጂ። እኔ ብሆን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያስችለኝም ነበር።