ማዮማው የኔ፣ ውሳኔውስ የማን?

ባለፈው ወር እሁድ ከፕሮግራም በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት እህታችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማዮማ አለብሽ ተባልኩ፣ ላስወጣው ወይስ ልተወው?» ብላ ጠየቀች። ገና ሳትጨርስ ከየአቅጣጫው መልስ ዘነበባት። አንዷ «ኧረ ማህፀንሽን እንዳታስነኪ!» አለች። ሌላዋ «አስወጥተሽ ተገላገይ፣ ካርባ በኋላ ምን ያደርግልሻል?» አለች። ጠበል ያለችም፣ ተልባ ያለችም ነበረች። እኔም አፌን አላሳረፍኩም፤ «እኔ አስወጥቼ ይኸው ደህና ነኝ» አልኳት። ማታ ዶራ ቆሜ ሰርቪስ ስጠብቅ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያን ሁሉ ስናወራ አንዳችንም «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለን አልጠየቅናትም። ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልናገር። ማዮማ ማለት በማህፀን ጡንቻ ላይ የሚበቅል ዕጢ ነው። ስሙ ቢያስፈራም ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላቸው አብዛኞቹ ሴቶች ያገኛቸዋል፤ ጥቁር ሴቶችን ደግሞ ቀደም ብሎ ይጀምራቸዋል፣ ይበዛባቸዋልም። ብዙዎቹ ሳያውቁት አብረውት ይኖራሉ። የሚያሳድገው የሴት ሆርሞን ስለሆነ የወር አበባ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል። እንግዲህ «ማን ረገመኝ፣ ምን በድዬ ነው» የሚያሰኝ ነገር የለውም።

የኔ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። 43 ዓመቴ ነበር፤ ቤይሩት ከገባሁ ደግሞ 14 ዓመት። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር በየሰዓቱ ሞዴስ እቀይር ነበር፤ ሌሊት ፎጣ አንጥፌ ነው የምተኛው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። በረዶ መቆርጠም ሱስ ሆኖብኝ ማዳም «ፍሪጁን ጨረስሽው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ለካ እሱም የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ታመመች ከተባልኩ ይመልሱኛል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ቀን መስኮት ስወለውል አዞረኝና ወደቅሁ። ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ራሷ ማዳም ናት። ሄሞግሎቢኔ 7.4 ወጣ። ለሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው።

ሐኪሙ ከማዳም ጋር የሚያወራው በፈረንሳይኛ ነበር። እኔ አረብኛ እሰማለሁ፣ ፈረንሳይኛ ግን አልችልም። በመሃል ወደ አረብኛ ሲመለሱ «ልጅ ትፈልጋለች?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። የጠየቀው ማዳምን ነው። እሷም ሳቅ ብላ «ልጅ? አሁንማ አርጅታለች» አለችው። ከዚያ ወረቀት መጣ፤ እዚህ ጋ ፈርሚ ተባልኩ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ፤ ማህፀኑም ያለው እኔ ሆድ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ማዳምን እንዳታሙብኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ልትከፍልልኝ ነው ያሰበችው፤ ሊራው ከመውደቁ በፊት መሆኑ ነው እንጂ ከ2019 ወዲህ እንዲህ የምትከፍል አሠሪ ማግኘት ከባድ ነው። ደሞዟን የተከለከለች፣ ፓስፖርቷን የተቀማች እህት ጉዳይዋ ግልጽ ነው፤ በደል ነው፣ ስሙም ይታወቃል። እኔን ያስቸገረኝ ነገሩ በደግነት መምጣቱ ነው። ክፉ ሰው ሲወስንብሽ ትቆጪያለሽ፣ ትከራከሪያለሽ። ደግ ሰው ሲወስንልሽ ግን ጭራሽ አመስግኚ ትባያለሽ። ወሰነብኝም አልኩ ወሰነልኝ፣ ወሳኙ ሌላ ሰው ነው።

ብዕሩን አስቀምጬ «በኋላ» አልኩ። ማዳም ተቀየመችኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የከፈለ ሰው የመወሰን መብት አለው ወይ? እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። በመጀመሪያው ሌሊት የለውም አልኩ። በሁለተኛው ሌሊት ታናሽ ወንድሜ ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ሥዕል መማር ነው የምፈልገው ብሎኝ ነበር። እኔ ከዚህ ሆኜ «አካውንቲንግ ካልተማርክ አንድ ሳንቲም አልልክም» አልኩት። ተማረ፣ ተመረቀ፣ ዛሬ ደህና ሥራ አለው። ለሱ ብዬ ነው፣ ወድጄው ነው። ማዳምም ለኔ ብላ ነው። ከፋይ ስንሆን ሁላችንም እንደዚያው ነን ማለት ነው። ታዲያ አሁን የማምነው ይህን ነው፤ ከፋይ አልከፍልም ማለት ይችላል፣ ይህን ያህል ነው አቅሜ ማለትም ይችላል። ሌላው ሰው የተጠየቀውን ጥያቄ ግን መመለስ አይችልም። ወንድሜንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሳቀና «ረስቼዋለሁ» አለኝ፤ የረሳው ግን አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን ከማኅበራችን አንዲት እህት አብራኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አልትራሳውንዱን ይዤ ነው የሄድኩት። (እህቶች፣ ውጤታችሁን ሁልጊዜ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፣ የናንተ ነው።) ይህችኛዋ ሐኪም ሴት ናት፤ ቀስ ብላ በአረብኛ አስረዳችኝ። ሦስት ማዮማ አለ፣ ትልቁ 8 ሳንቲሜትር ነው። አንደኛው መንገድ የአይረን ኪኒንና ደም የሚቀንስ መድኃኒት እየወሰዱ የወር አበባ እስኪቋረጥ መጠበቅ ነው፤ ያ ግን ስድስት ሰባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሆርሞን ያለበት ሉፕ ደም ይቀንሳል፤ ማህፀኑ በማዮማ ቅርጹን ከቀየረ ግን ላይቀመጥ ይችላል። ማዮማውን የሚያሟሽሽ መርፌ አለ፤ ሲቆም ግን ተመልሶ ያድጋል። ማህፀንን ሳይነኩ በደም ሥር በኩል ገብተው ለማዮማው ደም የሚያቀብለውን መስመር የሚዘጉበት ሕክምናም አለ፤ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ግን ብዙ ጊዜ አይመከርም። ማዮማውን ብቻ ለቅሞ ማውጣት ይቻላል፣ ማህፀን ይቀራል፤ ግን እንደገና ሊበቅል ይችላል። የመጨረሻው ማህፀንን ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ማዮማ የለም፣ ደም የለም፣ ልጅም የለም።

«የትኛው ይሻላል?» አልኳት። «ምን እንደምትፈልጊ ንገሪኝና የትኛው እንደሚሻል እነግርሻለሁ» አለችኝ።

በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ጥያቄ የለም። 14 ዓመት ሙሉ ምን እንደሚፈለግብኝ ነው የማውቀው። ልጅ እፈልግ ነበር። አላገባሁም፤ መጀመሪያ ወንድሞቼ ይጨርሱ፣ ከዚያ ቤቱ ይሠራ፣ ከዚያ አንድ ኮንትራት ብቻ እያልኩ ነው የቆየሁት። ማዮማው ቢለቀም ልጅ እወልድ ይሆን? ብዬ ጠየቅኋት። አልዋሸችኝም። በ43 ዓመት ማዮማ የሌለባትም ሴት ዕድሏ ትንሽ ነው፤ ማህፀን ቢቆይም እንቁላል ያረጃል አለችኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። የምወልድባቸው ዓመታት ያለቁት በኮንትራት እድሳት ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ላይ ማላከክ አልችልም።

ለሦስት ወር አይረን ወሰድኩ፣ ደሜም ከፍ አለ። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ተስፋ መቁረጥና እውነትን መቀበል ይለያያሉ ወይ? እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነበር። ማህፀኔን ባቆየው የማቆየው ምኑን ነው? ልጁን ነው ወይስ «አንድ ቀን» የምትለዋን ቃል? አንዳንዷ ያቺ ቃል ታኖራታለች፤ እሷን ተሳስተሻል አልልም። እኔን ግን እየደማሁ ስጠብቃት ያደከመችኝ እሷ ነበረች። በመጨረሻ ማህፀኔ ይውጣ አልኩ።

አብራኝ የሄደችው እህት «ታዲያ ማዳምም ይሄንኑ አይደል ያለችው? ውጤቱ አንድ ከሆነ ያን ሁሉ ምን አለፋሽ?» ብላ ስቃብኛለች። አንደኛ ነገር፣ አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የእንቁላል ማመንጫዎቹም አብረው ይወጡ ነበር። እንዲቀሩ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ባይቀሩ ኖሮ በማግስቱ ወደ ማረጥ እገባ ነበር። ሁለተኛ፣ ምንም ልዩነት ባይኖረው እንኳ ያችን ልጅ የቀበርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እየሳቀ ቢቀብራት ኖሮ ዛሬም ድረስ ስፈልጋት የምኖር ይመስለኛል።

ግን ራሴን ከፍ ከፍ እንዳላደርግ። ስወስን ደሞዜንም ቆጥሬያለሁ። ሆድ ተከፍቶ የሚደረግ ኦፕራሲዮን ወደ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አያስነሳም። ማዮማው ተለቅሞ ቢበቅልስ፣ ሁለተኛ ስድስት ሳምንት ማን ይሰጠኛል? ብዬ አስቤያለሁ። ሰውነቴን እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው ያሰብኩት፤ አንዴ ይጠገንና ይሥራ። በእንዲህ ያለ ሂሳብ የተወሰነ ውሳኔ የራሴ ነው ይባላል? ግማሽ በግማሽ እንበል።

ማዳም ከፈለች፣ ሾርባም ሠራችልኝ። እሷም ቅሬታዋን ረሳች፣ እኔም አላነሳሁትም።

የቀረኝ ዕዳ የእናቴ ነው። እንዳትጨነቅ ብዬ በስልክ «ትርፍ አንጀት ነው» አልኳት። ሰው እኔን ሳይጠይቅ ስለኔ መለሰ ብዬ ተቆጥቼ፣ እኔ ደግሞ እናቴ ማወቅ የሚገባትንና የማይገባትን ወሰንኩላት። በ2022 ለእረፍት አገር ቤት ስገባ እንደ ልጅነቴ ጀርባሽን ላጥብሽ ብላ ገላ ቤት ገባች። ስዞር ከሆዴ በታች ያለውን ጠባሳ አየች።

«የጎረቤታችን ልጅ ትርፍ አንጀት ስታወጣ በቀኝ በኩል ነበር» አለች።

«አዎ እማዬ» አልኩ።

ሌላ አልጠየቀችኝም። ጣሳውን አነሳችና ውሃ ጨመረችልኝ።