ከመኪናው ሥር

የመኪና ማንነት የተጻፈው ሻንሲው ላይ ነው። ሊብሬው ላይ የሰፈረው ቁጥር በብዙ ላንድክሩዘሮች ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ጭቃና አቧራ በማይለየው ወፍራም ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ሞተር ይቀየራል፤ ካምቢዮ ይወርዳል፤ ቦዲ ተገጭቶ ተጨማድዶ በመዶሻ ይቃናል፤ መኪናው ግን ያው መኪና ነው። ጋራዥ ውስጥ ጎማ ፈነዳ ሲባል ማንም የማይደነግጠው፣ ሻንሲ ተሰነጠቀ ሲባል ግን ባለቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ለዚህ ይመስለኛል።

ስንጥቁን እንደ ነውር መደበቅ ግን ልክ አይደለም። ስንጥቅ መኪናው ምን ሲሸከም እንደኖረ፣ ጫናውም በየት በኩል ሲያልፍ እንደቆየ ይናገራል። ያንን የሚያነብ ሰው እጅ ሲገባ ሻንሲው ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሳያነብ ላሜራ የሚለጥፍበት ሲያጋጥመው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከላሜራው ጥግ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል።

ሻንሲ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች አሉ፤ በየመሀሉ አግዳሚዎች ያያይዟቸዋል፤ ተደምሮ የተጋደመ መሰላል ይመስላል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70 ላንድክሩዘር እስከ ዛሬ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሻንሲ ጠንካራ የሚሆነው ንቅንቅ ስለማይል ይመስለዋል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወጣው መንገድ ላይ ከሥሩ ማየት ቢቻል ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። የግራ የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣ የግራ የኋላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ሻንሲው ይጠመዘዛል፤ ድንጋዩ ሲታለፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። መጠምዘዙ ጉድለት አይደለም፤ የተሠራው እንዲጠመዘዝና እንዲመለስ ተደርጎ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሰብረው ያ ትልቅ ድንጋይም አይደለም፤ ኮረኮንቹ ነው። የጠጠር መንገድ በመኪና ብዛት ሲሸበሸብ እያንዳንዷ ሽብሽብ ትንሽ ምት ናት። ሹፌሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለምዳታል፤ ብረቱ ግን እያንዳንዷን ይቆጥራል። አንድን ክብደት አንድ ጊዜ ችሎ የተሸከመ ብረት ያንኑ ክብደት ሚሊዮን ጊዜ ይሸከመዋል ማለት አይደለም። የሰው ልጅ ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ሜይ 8 ቀን 1842 እ.ኤ.አ. ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከሐዲዱ ወጣ፤ በተነሣው እሳት ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጀርመኑ የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር አክስሎችን በጭነት እያሽከረከረ ሲፈትን ኖሮ ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛው፣ ብረት በአንድ ጊዜ ከሚሰብረው ኃይል በብዙ በሚያንስ ኃይልም ሲደጋገምበት ይሰበራል። ሁለተኛው፣ ጫናው ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ ብረቱ ምልልሱን ሳይሰበር ይችለዋል።

ስለ ሻንሲ ጥገና ሳስብ ሁሌም ወደዚህ ወደ ሁለተኛው እመለሳለሁ። ጥገና ማለት ብረት መደራረብ ሳይሆን፣ የተሰነጠቀውን ቦታ እንደገና ከዚያ ልክ በታች ማውረድ ነው።

ስንጥቅ ዝም ብሎ በማንኛውም ቦታ አይጀምርም። ኪርሽ የተባለው ጀርመናዊ በ1898 እ.ኤ.አ. በሒሳብ እንዳሳየው፣ በሚጎተት ሰፊ ላሜራ ላይ ያለች አንዲት ክብ ቀዳዳ በጠርዟ ላይ የሚያርፈውን ጫና ሦስት እጥፍ ታደርገዋለች። ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሹል ጫፍ ካለው ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ስንጥቅ የሚፈለገው ባሊስትራው ከሻንሲው ጋር በተያያዘበት፣ አሞርዛተሩ በታሰረበት፣ የመሪው ሳጥን በብሎን በተጠበቀበት፣ አግዳሚው ከረጅሙ ብረት ጋር በተገናኘበት፣ ደግሞም ሌላ ሰው ቀደም ብሎ በይዶ ባቆመበት ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው አለ። ጣሪያው ላይ በርሜል ውሃ፣ ትርፍ ጎማና ድንኳን፣ ከፊት ከባድ መከላከያ ብረት፣ ከኋላ ሁለተኛ ታንከር። ፋብሪካው ያላሰበው ክብደት በየምቱ ይወርዳል፣ ይነሣል።

ስንጥቁን ማግኘት ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪናው ከሥሩ ይታጠባል፤ የደረቀው ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ይነሣል። መጀመሪያ የምትታየው ከፀጉር የማትወፍር ቡናማ መስመር ናት፤ በውስጧ ያለው ዝገት በየእንቅስቃሴው እየተፈጨ ስለሚወጣ ከዙሪያዋ ካለው ቀለም ትለያለች። መስመሯ ግን ዐይን ካቆመበት ላይ አታበቃም። አንድ አዛውንት በያጅ ይህን ለረዳታቸው ሲያሳዩ አይቻለሁ። ልጁ ኤሌክትሮዱን ይዞ "ጋሼ፣ ልጀምር?" አላቸው። "ገና ነው ልጄ፤ መጀመሪያ ጫፉን አግኘው" አሉት። ቦታውን ነጭ ጋዝ ቀቡት፤ ጥቂት ጠብቀው በጨርቅ አደረቁት፤ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሱበት። ስንጥቁ የጠጣው ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ነጩ ዱቄት ተመለሰና ቀጭን እርጥብ መስመር ሠራ። መስመሩ ዐይናችን ካቆመበት አንድ ጣት ያህል አልፎ ሄደ። ልጁ ዝም ብሎ አየው። ጥበቡ የድሮ ባቡር ሠራተኞችም ይጠቀሙበት የነበረ ነው፤ ዛሬ በቀይ ቀለምና በነጭ ርጭት የሚሠራው ዘመናዊ ምርመራ ያንኑ ነገር ያደርጋል።

ጫፉ ሲታወቅ እዚያው ላይ በትራፓኖ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው ግራ ያጋባል፤ የተጎዳን ብረት መብሳት ምን ይባላል? ነገር ግን የስንጥቅ ጉልበቱ ሹል ጫፉ ላይ ነው። ክብ ቀዳዳ ጫናን ሦስት እጥፍ ቢያደርግም፣ ከሹሉ ጫፍ ጋር ሲተያይ ምሕረት ነው። ከዚያ ስንጥቁ በግራይንደር እስከ ታች በቪ ቅርጽ ይከፈታል፤ ላይ ላዩን ብቻ የተበየደ ስንጥቅ ከሥሩ እንዳለ ይቆያልና። መኪናው በክሪክና በድጋፍ ተነሥቶ ብረቱ ከሸክሙ ይገላገላል። የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ የፍሬንና የነዳጅ መስመር ከእሳቱ ይርቃል። ኤሌክትሮዱ 7018 ከሆነ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ብየዳው ውስጥ ሃይድሮጅን ያስገባና ከውስጥ አዲስ ስንጥቅ ይወልዳል። ተበይዶ ሲያልቅ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል እንጂ ውሃ አይደፋበትም። ባለመኪናው የቸኮለ ዕለት በጣም የሚያስቸግረው ይህ የመጨረሻው ነው።

ማጠናከሪያው ላሜራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ላሜራ ጥሩ ይመስላል። አራት ማዕዘን ተቆርጦ ዙሪያውን ሲበየድ የሚታመን ነገር ይመስላል። ሻንሲው ግን አሁንም ይጠመዘዛል። ላሜራው ያለበት ቦታ አልጠመዘዝም ሲል፣ መጠምዘዙ በሙሉ ላሜራው በሚያበቃበት ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰበሰባል፤ ሻንሲውም እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ላሜራው ከሻንሲው ውፍረት ባይበልጥ ይመረጣል። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ጫፎቹ በሰያፍ ይቆረጣሉ፤ ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ ብየዳም አይሠራም። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ መኪናው ሲጎብጥ ከሁሉ በላይ የሚጨነቁ ስለሆኑ በተቻለ መጠን አይነኩም። ላሜራው ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች ተበስተው በእነሱ በኩልም ከሻንሲው ጋር ይበየዳል። እንዲህ የተሠራ ማጠናከሪያ ጫናውን ጥቂት በጥቂት ይቀበላል፣ ጥቂት በጥቂት ይመልሳል። ሲያዩት ከወፍራሙ ያነሰ ይመስላል፤ የሚቆየው ግን እሱ ነው።

መጠገን የሌለበት ሻንሲም አለ። ከዳሎል ጨው ሜዳ የተመለሰና ከሥሩ ሳይታጠብ የከረመ መኪና ብረቱ ከውስጥ ይበላል፤ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቱን ትቶ ይደነቁራል፤ አንዳንዴም መዶሻው ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ላይ ብየዳ አይይዝም። ጨርሶ የተሰበረ ሻንሲ በተሰበረበት ገጽ ላይ ደግሞ የዓመታቱ ታሪክ ይነበባል፤ አንዱ ክፍል ለስላሳና በዝገት የጠቆረ ነው፤ የቀረው ሻካራና የሚያብረቀርቅ ግራጫ። ጥቁሩ ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሲጓዝበት የቆየው ነው፤ ግራጫው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቀደደው። ጥቁሩ ሰፊ ሆኖ ሳየው ያ ሁሉ ጊዜ ከሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች በምን ላይ እንደተቀመጡ አያውቁም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉን መኪኖች ከቀድሞውም ይበልጥ እያረጁ ይሠራሉ። ታማሚ ይዘው ከገጠር ጤና ጣቢያ የሚወጡት፣ ክትባት የሚያደርሱት፣ እንግዳ ይዘው ኦሞ የሚወርዱት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ባለመኪናዎች ሆይ፣ መኪናችሁን ስታሳጥቡ ከሥሩም አሳጥቡት። ከረጅም መንገድ በፊትና በኋላ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ግቡና ባሊስትራው የተያዘበትን፣ አሞርዛተሩ የታሰረበትን፣ የመሪውን ሳጥን ዙሪያና የድሮ ብየዳ ጫፎችን እዩ። ቡናማ መስመር ካገኛችሁ ቀለም አትቀቡበት። ኤሌክትሮዱን ከማንሣቱ በፊት "ይህ ለምን እዚህ ተሰነጠቀ?" ብሎ የሚጠይቃችሁን በያጅ ፈልጉ፤ የጊዜውንም ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት።