ካቻቢቴው ከመዞሩ በፊት

ልጄ፣ ሐርጌሳ ጋራዥ መግባትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚያ የሚቀርብልህ መኪና አብዛኛው ሌላ አገር ሲነዳ የኖረ የጃፓን መኪና ነው። መንገዱ በቀኝ ሆኖ ሳለ መሪውም በቀኝ የሆነው ለዚህ ነው። በመርከብ ተጭኖ በርበራ ወርዶ ይመጣል፤ የባሕር ጨው የነካው ብረት ደግሞ ቶሎ ይነካከሳል። የታሰረ ብሎን እንጀራህ ነውና እንዳትጠላው።

ብዙ ልጆች ጉልበት ሲያጥራቸው ይመስላቸዋል ብሎን እምቢ የሚላቸው። ብሎኑን የሚያበላሸው ግን ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ነው። የለመድነው ባለ መስቀል ካቻቢቴ በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት ነው። ጎኑ ዘንበል ያለ ስለሆነ በኃይል ሲዞር ራሱን ወደ ውጭ ይገፋል። ጃፓኖች የራሳቸው ልክ አላቸው፣ «ጂስ» ይሉታል። የፊሊፕስ ጫፍ እዚህ መስቀል ውስጥ እስከ ታች አይገባም፤ ስለዚህ ይንሸራተትና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። ብዙ ጊዜ በመስቀሉ ጎን ትንሽ ነጥብ ታያለህ፤ ምልክቱ እሷ ናት። የጂስ ካቻቢቴ ፈልገህ ግዛ፤ ለፊሊፕሱም ይሆንሃል።

ከመፍታትህ በፊት የመስቀሉን ቆሻሻ በመርፌ አውጣ። ካቻቢቴውን አስገብተህ ጀርባውን በመዶሻ ምታው፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ከማዞር ይልቅ መጫኑ ይብለጥ። መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው፣ ቀጥሎ ፍታው። አንዴ ከተንሸራተተብህ አቁም! ሁለተኛው ሙከራ ነው የሚጨርሰው። ናፍታ ወይም የዝገት ማላቀቂያ አጠጣውና ሌላ ሥራ ሥራ፤ ማደር ካለበትም ይደር።

የብሎኑ ራስ የተላጠ እንደሆነ ቫልቭ የሚፈተግበትን ሸካራ ቅባት የካቻቢቴው ጫፍ ላይ ቀባ፣ ይይዛል። ራሱ ከፍ ካለ በፒንሳ ንከሰው ወይም በሴጌቶ ቀጥ ያለ መስመር አውጣለት። ትራፓኖ የመጨረሻው ነው። ዳዶ በእሳት ስታላቅቅ ዳዶውን እንጂ ብሎኑን አታግል፤ ናፍታ ወይም ዘይት የነካውን፣ የነዳጅ ቱቦም ያለበትን ቦታ በእሳት አትቅረብ። ካንዴላ ደግሞ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትፍታ፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ ጥርስ ተቦጭቆ ይወጣል።

ስትገጥም በጣትህ ጀምር። መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙረው፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ወደ ፊት። ብረት ከአሉሚኒየም በሚገናኝበት ቦታ በጨው ምክንያት ይጣበቃሉና ጥርሱን በስሱ ግራሶ ቀባው። የጎማ ዳዶ ግን አትቀባ፤ ከልኩ በላይ ይጠብቃል። የተላጠውን ብሎን መልሰህ እንዳትገጥመው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለባለመኪናው አሳየውና አዲስ ይግዛ።