መስጠት ብድር ነው ወይ?

«ስጥ፣ ይሰጥሃል» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልመረምረው ኖሬያለሁ። ላፍቶ ውስጥ የእድራችንን ድንኳን ስንነቅል ግን ጎረበጠኝ። ለመቀበል ብዬ ከሰጠሁ፣ ያደረግሁት ቸርነት ነው ወይስ ብድር?

የሠልስቱ ማግስት ነበር። ካስማውን ነቅለን፣ ሸራውን አጥፈን፣ ብረት ድስቶቹን ቆጥረን ወደ እድሩ መጋዘን ስንመልስ እንዲህ አሰብኩ፦ እኔ በየወሩ መዋጮ እከፍላለሁ፤ ሐዘን ሲደርስብኝ እድርተኛው ይመጣልኛል። እንግዲያው ይህ ውል እንጂ ቸርነት አይደለም። ነገር ግን የእድሩ ጸሐፊ ነኝና መዝገቡን አውቀዋለሁ። የቀበርናቸው እማማ ከዓመት በላይ አልከፈሉም። ልጅ የላቸውም፤ ነገ ብድር የሚመልስልን ዘመድም የላቸውም። ውል ብቻ ከሆነ እሳቸው በሞቱበት ሌሊት ጥሩንባው ስለምን ተነፋ?

የእድሩን ዳኛ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ደንቡ እኮ ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል።»

«ልጄ፣ ደንቡን የጻፍነው መክፈል ለሚችል ሰው ነው» አሉኝ፣ የያዙትን የሸራ ጫፍ ሳይለቁ።

መልሱ ደስ አለኝ፤ ግን አላሳረፈኝም። የቀብር ድካም የሦስት ቀን ነው። ኑሮን የሚያናጋ ቸርነትስ ምን ይከፍላል?

ያን ጊዜ ወይዘሮ አበበች ጎበና ትዝ አሉኝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወሎ ተርቦ ሳለ፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በሞተች እናቷ ደረት ላይ የተጣበቀች ሕፃን አዩ። አንሥተው አዲስ አበባ አመጧት። ዓመት ሳይሞላ ወደ ቤታቸው ያመጧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸው ይህን አልወደዱም፤ ወይዘሮ አበበችም ከሞቀ ቤታቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። «ይሰጥሃል» የሚለው ሒሳብ እዚህ ላይ አልገጥም አለኝ፤ ሰጡ፣ ትዳራቸውንም አጡ። ኋላ የመሠረቱት ድርጅት ለብዙ ሺህ ልጆች ተረፈ፤ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉም አገር አለቀሰላቸው። ዳሩ ግን ልጆቹን ይዘው በወጡባት ቀን ይህን ክብር ቃል የገባላቸው ማንም አልነበረም። ስለዚህ ክብሩ የቸርነታቸው ምክንያት ሊሆን አይችልም አልኩ።

ቀጥሎ የመጣው ጥርጥር ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሰጪው ለገዛ ደስታው ቢሆንስ የሚሰጠው? የጠገበ ልጅ ሲስቅ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህም ራስን መውደድ አይደለም ወይ? ብዙ ቀን አብሰለሰልኩት። በመጨረሻ ራሴን መልሼ ጠየቅሁ፦ ልጁ ለእኔ ምኔም ካልሆነ፣ መጥገቡ እኔን ለምን ደስ ያሰኘኛል? ደስ ሊለኝ የቻለው አስቀድሜ ስላሰብኩለት ነው። ፍቅሩ ይቀድማል፣ ደስታው ይከተላል። ልጁን ትቶ ደስታውን ብቻ ያሳደደ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ደስታው ተከታይ ከሆነ ታዲያ ስኬት የቱ ነው? ስኬት የተመኙት ሲሞላ ነው ካልን፣ ለራሴ የምመኘው አይሞላም፤ ቤት ብሠራ የጎረቤቴ ፎቅ ይበልጠኛል። ለተራበ ልጅ የምመኘው ግን ይሞላል፤ ዛሬ ማታ ይጠግባል። «የሰውስ ችግር መቼ አለቀ?» ብዬ ራሴን ሞገትኩ። እውነት ነው፤ ከአንዲቷ ሕፃን ኋላ ሌሎቹ መጥተዋል። ቢሆንም የሁለተኛው ረሃብ የመጀመሪያዋን ጥጋብ አያፈርሰውም። በአንዷ ላይ የተሠራው በጎ ነገር በራሱ ሙሉ ነው።

ማታ መዝገቡን ገለጥሁ። ከእማማ ስም ፊት ያሉት ሳጥኖች ባዶ ናቸው። ዕዳ ብዬ ልደምራቸው ብዕር አንሥቼ ነበር። ሳልደምር፣ ከስማቸው አጠገብ «እድርተኛው በክብር ሸኝቷቸዋል» ብዬ ጻፍኩና መዝገቡን ዘጋሁ።