ለሌለ ሰው የሚፈስ እንባ



ለመሆኑ በዚህች ምድር ላይ ኖሮ ለማያውቅ ሰው አልቅሳችሁ ታውቃላችሁን? ጥያቄው የቀልድ አይደለም። በ1958 ዓ.ም የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ የነበረውን ሁኔታ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ሰዓቱ ሲደርስ እጅ ከሥራ ይሰበሰባል፤ ልጅ ዝም ይባላል፤ ሬዲዮ የሌለው ሬዲዮ ወዳለው ጎረቤት ይሄዳል። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ያዘነው ሰው ሁለቱን የወለደቻቸው ብዕር እንጂ እናት እንዳልሆነች ጠንቅቆ ያውቃል። እያወቀም ያዝናል።

ታዲያ ይህ ሐዘን ምን ዓይነት ሐዘን ነው? ዋጋ አለውን? ወይስ ለዘመድና ለጎረቤት ይገባ የነበረ አዘኔታ በከንቱ የፈሰሰበት ነው? ጉዳዩ ዛሬ በየቤታችን የገባ ስለሆነ ጥቂት ልናስብበት ይገባል።

በትሩና ሹራቡ

የዛሬ ልጆች ሬዲዮ ከበው አይቀመጡም። ብዙዎቹ በስልካቸው ያነባሉ፤ ከሚያነቡትም አንዱ ምናባዊ ተረት ነው። ከእነዚህ ተረቶች ሁሉ የገነነው እ.ኤ.አ ከ1997 እስከ 2007 በሰባት መጻሕፍት የወጣው የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ «ሃሪ ፖተር» ነው። አንባቢዎቹ አንብበው አያበቁም። ታሪኩን ተቀብለው በራሳቸው ብዕር ይቀጥሉታል፤ የሞተውን ያስነሳሉ፤ የተጣላውን ያስታርቃሉ። ይህንን «ፋን ፊክሽን» ይሉታል፤ እኛ የአድናቂ ድርሰት እንበለው። አብዛኛው ጸሐፊ የሚጽፈው ገንዘብ ሊያገኝበት ሳይሆን ታሪኩን ስለወደደው ነው። ሌላው አንባቢም አንብቦ «አለቀስኩ፤ እባክህ ቀጥልበት» ሲል ይመልስለታል።

ወላጆች ይህንን ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ድግምቱ ነው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ሲሕር በዲናችን ከታላላቅ ኃጢአቶች አንዱ መሆኑን ለልጅ ግልጽ አድርጎ መንገር ግዴታችን ነው። ነገር ግን ልጁን የሚያስለቅሰው ምን እንደሆነ እናስተውል። ሃሪ ገና በአንድ ዓመቱ ወላጆቹ የተገደሉበት ልጅ ነው። የእናቱ እኅት ቤት ያደገው ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ማስቀመጫ ውስጥ እየተኛ፣ እየተናቀ ነው። ትምህርት ቤት በገባበት በመጀመሪያው ዓመት የጓደኛው እናት ለገዛ ልጆቿ እንደምትሠራው ሁሉ ለእርሱም በእጇ ሹራብ ሠርታ ትልክለታለች። ልጆቻችንን በመጀመሪያ የሚስበው አስማተኛው በትር ሊሆን ይችላል፤ ልባቸው ውስጥ የሚቀረው ግን ሹራቡ ነው።

የአድናቂዎቹም ድርሰት ይህንኑ ይመሰክራል። በአምስተኛው መጽሐፍ የልጁ አባት የልብ ጓደኛ የነበረውና ለልጁ እንደ አባት ሊሆንለት የጀመረው ሰው ይሞታል። ስንት አንባቢ ብዕሩን አንስቶ ያንን ሰው ከሞት አትርፎታል! አትርፎትም ልጁን ወደ ቤቱ እንዲወስደው፣ ቁርስ እንዲያበላው፣ «ትምህርት እንዴት ዋለ?» ብሎ እንዲጠይቀው አድርጓል። ብዙ ጊዜ በእነዚህ ገጾች ውስጥ ድግምት የለም። ያለው ማዕድና በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብ ነው።

አዲስ ነገር ነውን?

«ይህ ከውጭ የመጣ ከንቱ ነገር ነው» የሚል ወንድም ቢኖር የራሳችንን መጻሕፍት ቢመለከት መልካም ነው። ኢብን ሲና (ያረፈው እ.ኤ.አ በ1037) «ሐይ ኢብን የቅዛን» የሚል ታሪክ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአንደሉስ ኢብን ጡፈይል (ያረፈው እ.ኤ.አ በ1185) ስሙን ተውሶ ፍጹም ሌላ ታሪክ አደረገው። በ13ኛው ክፍለ ዘመንም የልብንና የሳንባን የደም ዝውውር የገለጸው ሐኪም ኢብን አን ነፊስ በዚያው መንገድ ሄዶ የራሱን ብቸኛ ልጅ በደሴት ላይ አስቀመጠ። አንዱ የሌላውን ታሪክ ተቀብሎ ቀጠለ፤ ተከራከረው፤ ለወጠው።

የኢብን ጡፈይል ሐይ ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ አጥብታ ያሳደገችው ሕፃን ነው። ሚዳቋዋ በሞተች ጊዜ የጎደላትን ነገር አግኝቶ ሊመልስላት ደረቷን ከፍቶ ይፈልጋል፤ አያገኘውም። ቁራ ቁራን ሲቀብር አይቶም ይቀብራታል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ስለ ሰማይና ስለ ምድር የተመራመረው ምርምር ሁሉ መነሻው እናቱን ለማትረፍ የነበረው ጉጉት ነው። እንዲህ ያለ ሚዳቋ የለችም፤ እንዲህ ያለ ልጅም የለም። የእናት ፍቅር ግን አለ።

ውሸት የሚሆነው ሰሚው ሲታለል ነው። ተረት የሚነግረውም ተረት የሚሰማውም ተረት መሆኑን ካወቁ ማን ማንን አታለለ? አል ሐሪሪም (ያረፈው እ.ኤ.አ በ1122) በታወቁት «መቃማት» መቅድም ላይ፣ በእንስሳት ስለተነገሩ ተረቶች ማንም ተወቅሶ እንደማያውቅ አስታውሶ ራሱን ተከላክሏል። እንግዲያው ጥያቄያችን ተረት ይነበብ ወይስ አይነበብ የሚለው ብቻ አይደለም። እንባው ከየት መጣ? ወዴትስ ይሂድ? የሚለው ነው።

የሐሰተኛው አጎት እንባ

የእንባን ነገር ከአላዲን ተረት የተሻለ የሚያስረዳልን ጥቂት ነው። ይህ ተረት ፈረንሳዊው አንቷን ጋላን «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት»ን በተረጎመበት ጥንታዊ የዓረብኛ ቅጂ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ በ1709 ሐና ዲያብ የሚባል የሐለብ ሰው በፓሪስ ለጋላን ነገረው፤ ጋላንም በመጽሐፉ ጨመረው። አላዲንም ተቀጥሎ የመጣ ታሪክ ነው ማለት ነው።

አላዲን አባቱ የሞተበት የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። እናቱ ጥጥ እየፈተለች ታኖረዋለች። አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አንገቱን አቅፎ ያለቅሳል፤ «የአባትህ ወንድም ነኝ» ይለዋል። ቤታቸው መጥቶ ሟቹ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ጠይቆ ስሞ ያለቅሳል። ዘመድ የሆነ ሁሉ እንዲህ አያለቅስም። ከዋሻው አፍ በደረሱ ጊዜ ግን መብራቱን አስቀድሞ ካልሰጠኸኝ ብሎ፣ ልጁ እንቢ ቢለው ከነሕይወቱ ዘግቶበት ይሄዳል። ያለቀሰው አጎት አጎት አልነበረም። ጥጥ የምትፈትለዋ ሴት ግን እናት ነበረች።

ውድ አንባቢያን! ይህ እኛንም ይመለከታል። መጽሐፍ ውስጥ ላለ የሙት ልጅ ማልቀስ ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ያ ልጅ እራት አይጠይቀንም፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የለበትም፤ ሌሊት አያስልም፤ ክፉ ቃልም አይመልስልንም። የጎረቤታችን የሙት ልጅ ግን ይህ ሁሉ አለበት። ስለ ሁለት ጓደኞች መለያየት እስከ እኩለ ሌሊት ያነበበው ወጣት የታመመ ጓደኛውን ሳይጠይቅ ወር ካለፈው፣ እንባው የዚያ አጎት እንባ እንዳይሆን ያስፈራል። ልብ ሳይሠራ የሠራ ይመስለዋል፤ አለቀስኩ ሲል ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። ከዚህ ዓይነቱ ንባብ የሚመጣው ትልቁ አደጋ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ነው።

በእኛ ከተሞች

ነገር ግን ሌላም ወገን አለው። አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞቻችንን ተመልከቱ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት፣ ከየአገሩ በመጣ ሰው የተሞሉ ናቸው። አንዱ ለፋብሪካ ሥራ መጥቷል፤ አንዱ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶት መጥቷል። አባት ጎህ ሳይቀድ በታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል። አያት ወሎ ናቸው፤ አክስት ጅማ ናት። እናት ሪያድ ወይም ቤይሩት የሆነችበት ቤትም ጥቂት አይደለም። በሰበታ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤትም ከሩቅ አገር ወላጆቻቸውን ትተው የመጡ ልጆች ጓደኛቸውን እንደ ወንድምና እንደ እኅት አድርገው ያድጋሉ። እንግዲህ ስለ ጎደለ ቤተሰብና ቤተሰብ ስለሆነ ጓደኛ የሚተርክ መጽሐፍ የእነዚህን ልጆች ልብ ቢይዝ ምን ይገርማል?

ከማስተምራቸው ልጆች መካከል እናቷ ዓረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ አለች። አያቷ አንድ ቀን የሒሳብ ደብተሯን ይዘው መጡና «ኡስታዝ፣ ይህን ከንቱ ነገር ተመልከትልኝ፤ ደብተሩን ጨረሰችው» አሉኝ። ከጀርባው ጀምራ ያንኑ ከደረጃ ሥር የሚተኛውን ልጅ ታሪክ ቀጥላበታለች። በሩ ይንኳኳል፤ እናቱ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። «አልሞትኩም፤ መንገዱ ርቆብኝ ነው» ትለዋለች። ሹራብ አውጥታ ታለብሰዋለች፤ ሹራቡ ግን ጠበበው፤ የሠራችው ትታው በሄደችበት ዕድሜ ልክ ነበርና።

ይህንን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አያትየው ጥቂት ዝም አሉና «ልክ ነው፤ አምና የላከችው ጫማም አልገባላትም» አሉ። ከዚያም ደብተሩን ተቀብለው በነጠላቸው ሸፈኑት። በዚያው ሳምንት ልጅቱ ለእናቷ በስልክ እንድታነብላት አደረጉ።

ወላጆች ሆይ! ያ ጽሑፍ ከንቱ ነበርን? ልጅቱ በአፏ ልትናገረው ያልቻለችውን በሌላ ልጅ ስም ተናገረችው። ተረቱ ደብዳቤ ሆኖ ነበር፤ የሚያነብለት ሰው ብቻ ነበር የጠፋው። ደብተሩ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ሳይደርስ ይቀር ነበር።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አደማመጥ

ታዲያ ታሪክ ስንሰማ እንዴት እንስማ? ለዚህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የኡሙ ዘርእ ሐዲስ ታላቅ ትምህርት አለው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ረዥም ታሪክ ነገረቻቸው። አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠው የባሎቻቸውን ነገር ምንም ሳይደብቁ ሊነጋገሩ ቃል ተገባቡ። አንዷ የባሏን ጭካኔ፣ ሌላዋ ንፉግነቱን፣ ሌላዋ ደግነቱን ተናገረች። አሥራ አንደኛዋ ኡሙ ዘርእ የአቡ ዘርእን ቸርነት ዘርዝራ አልጠገበችም። በኋላ ሌላ ሴት አይቶ ፈታት፤ እርሷም ሌላ ደግ ባል አገባች። ይሁንና ይህ ሁለተኛው የሰጣት ሁሉ ቢሰበሰብ ከአቡ ዘርእ ትንሿን ዕቃ እንኳ እንደማይሞላ ተናገረች።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ ሕዝብ ኃላፊነት በትከሻቸው እያለ ይህንን ሁሉ ታግሠው አደመጡ፤ «ምን ያደርግልኛል?» አላሉም። ሲፈጸም ታሪኩን ወደ ቤታቸው መለሱት፤ አቡ ዘርእ ለኡሙ ዘርእ እንደነበረው እኔም ላንቺ እንዲሁ ነኝ የሚል መልስ ሰጡ። በሌላ ዘገባ፣ አቡ ዘርእ የፈታት ቢሆንም እርሳቸው እንደማይፈቱ ጨምረው እንደነገሯት ተወርቷል። አስተውሉ! ስለ ሌላ ሰው ቤት የሰሙት ነገር ከፊታቸው ለተቀመጠችው ሰው የፍቅር ቃል ሆነ። እንባና ሳቅ መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው።

በጓደኝነትም እንዲሁ ነው። ሰልማን አል ፋሪሲ (ረ.ዐ) ከፋርስ የመጣ፣ በመዲና የሥጋ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር፤ ከአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች ተደረጉ። አንድ ቀን ሊጠይቀው ሲሄድ የአቡ ደርዳእ ባለቤት ራሷን ጥላ አያት። አቡ ደርዳእ ቀን በጾም፣ ሌሊት በሶላት ተጠምዶ ቤቱን እንደረሳ ተረዳ፤ አብሮት እንዲበላ አደረገው፤ ለጌታው እንደሆነ ሁሉ ለባለቤቱም ሐቅ እንዳለበት ነገረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እውነቱን ነው አሉ። ጓደኛ ቤተሰብ የሚሆነው እንዲህ ቤት ገብቶ የጎደለውን ሲያይ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ በመጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ዓይኑ ቀልቶ ብታገኙት ለመቆጣት አትቸኩሉ። አጠገቡ ተቀመጡና «ማን ሞተ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይንገራችሁ። ሲጨርስም «ይህ ልጅ በእኛ ሰፈር ቢኖር ማንን ይመስላል?» በሉት። ምናልባት የአንድ የክፍል ጓደኛውን ስም ይጠራላችኋል። ያን ጊዜ «ለእራት ጥራው» በሉት። ምናልባት ደግሞ የማንንም ስም ሳይጠራ እናንተን ብቻ ይመለከታችኋል። ያን ጊዜ ነገሩ ገብቷችኋል፤ ሥራችሁን ለጥቂት አቁማችሁ አብራችሁት ቆዩ።

ወላሁ አዕለም።